የማረሻ ጫፍ፣ የፌሮ ቆዳ፦ ብረት ሲቀዘቅዝ ውስጡ ምን ይሆናል?

የዋግ ኽምራ ማሳ ድንጋይ አያጣውም። ከሰቆጣ ዙሪያ እስከ ዝቋላ ወረዳዋ ጽጽቃ ድረስ የሚያርስ ገበሬ የማረሻው ጫፍ ቶሎ ይደነዝበታል፤ ሲደነዝም አላቅቆ ወደ ቀጥቃጭ ቤት ይወስደዋል። እዚያ ያለው ዕቃ ጥቂት ነው፤ ወናፍ፣ ከሰል፣ ጉጠት፣ መዶሻ፣ መስፍ፣ በአጠገቡም ውሃ። አዲስ ማረሻ ወይም መጥረቢያ ሲያስፈልግ ጥሬ ዕቃው ብዙ ጊዜ ከአሮጌ የጭነት መኪና የተፈታ ባሌስትራ ነው።

ከአንድ ባሌስትራ ሁለት ቁራጭ ቆርጠን ሁለቱንም በአንድ ከሰል እኩል እናግላቸው። አንዱን ወዲያው ውሃ ውስጥ እንንከረው፤ ሌላውን ትኩስ አመድ ውስጥ ቀብረን ይደር። በማግስቱ በመዶሻ ስንመታቸው የተነከረው ይሰበራል፣ አመድ ውስጥ ያደረው ይጎብጣል። የተጨመረበትም የተቀነሰለትም የለም፤ ሁለቱ ቢመረመሩ ካርቦናቸውም ማንጋኒዛቸውም እኩል ነው። የለያያቸው የቀዘቀዙበት ፍጥነት ብቻ ነው። ተረታችን ብረት የሚቀጠቀጠው እንደጋለ ነው ይላል፤ ስለ መቀዝቀዙ ግን አንድም ነገር አይለንም። ለዚህ ይመስለኛል ብረት ስንገዛ «የየት አገር ነው?» ብለን ጠይቀን የምናበቃው። ሊጠየቅ የሚገባው ከባዱ ጥያቄ እንዴት ቀዘቀዘ የሚለው ነው፤ ከቀዘቀዘ በኋላስ ማን እሳት አስነካው?

ብረት ከውጭ ሲያዩት አንድ ወጥ ይመስላል። ተቆርጦ፣ ፊቱ እስኪያበራ ተወልውሎ፣ በአልኮል በቀጠነ ናይትሪክ አሲድ ከተነካ በኋላ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን ጥቃቅን ቅንጣቶች ተገጣጥመው የሠሩት ሆኖ ይገኛል። የቅንጣቶቹ ዓይነት፣ መጠንና አቀማመጥ የብረቱ ረቂቅ መዋቅር ይባላል። በቀዝቃዛ ብረት ውስጥ አቶሞቹ በኩብ ማዕዘኖችና በኩቡ መሃል ይሰለፋሉ፤ ይህ ፌራይት ነው። ለስላሳና ተለጣጭ ሲሆን ካርቦንን ግን አያስጠጋም፤ ቢበዛ ቢበዛ 0.02 በመቶ ያህል ቢይዝ ነው። ሙቀቱ 727 ዲግሪ ሴንቲግሬድን ሲያልፍ አቶሞቹ ሰልፋቸውን መቀየር ይጀምራሉ። በኩቡ ገጾች መሃል የሚሰለፉበት አዲሱ አቀማመጥ ኦስቴናይት ይባላል፤ እሱ እስከ 2 በመቶ የሚደርስ ካርቦን ይችላል። የቀጥቃጩም ሆነ የትልቁ ፋብሪካ ሥራ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ የአቅም ልዩነት ነው፤ ሲግል በሰፊው የገባው ካርቦን ብረቱ ሲቀዘቅዝ የሚቀመጥበት ያጣል።

ጊዜ ከተሰጠው መሄጃ ያገኛል። ቀስ ብሎ በሚቀዘቅዝ ብረት ውስጥ ካርቦኑ እየተሳበ ከብረት ጋር ሴመንታይት የሚባል ደረቅ ውህድ ይሠራል፤ ሴመንታይቱና ፌራይቱም በስስ ንብርብር እየተፈራረቁ ፐርላይት ይሆናሉ። አመድ ውስጥ ያደረው ባሌስትራ ውስጡ በአብዛኛው ይህ ነው። ጊዜ የተነፈገው ካርቦን ግን ባለበት ይያዛል። አቶሞቹ ወደ ቀዝቃዛው አሰላለፍ ለመመለስ ሲሞክሩ ካርቦኑ መሃላቸው ስለተቀረቀረ ኩቡ ወደ አንድ ጎን ይረዝማል፣ ሰልፉም ይወጠራል። ይህ የተወጠረ መዋቅር ማርቴንሳይት ነው። ጥንካሬው የሚመጣውም ከውጥረቱ ነው፤ ካርቦኑ በበዛ ቁጥር ይጠነክራል፣ በዚያው ልክም ተሰባሪ ይሆናል።

ቀጥቃጭ ይህን ሁሉ በስም ባያውቀውም በዓይኑ ያውቀዋል። ጎጆው ጨለም ያለ መሆኑ ራሱ ጥቅም አለው፤ የጋለ ብረት ቀለም በፀሐይ ብርሃን አይለይም። ጥቁር ቀይ ገና ነው፣ ብሩህ ቀይ ደርሷል፣ ወደ ብርቱካናማ ካለፈ በዝቷል። ቀለም ለመለየት የሚቸገር ሰው ማግኔት ቢይዝ ይረዳዋል፤ ብረት 770 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ በማግኔት መሳብ ያቆማል። ልምድ ያለው እጅ ብረቱን ውሃ ውስጥ ከትቶ ዝም ብሎ አይዘውም፣ ያንቀሳቅሰዋል። የጋለ ብረት ውሃ ሲነካ ዙሪያውን የእንፋሎት ሽፋን ይይዛል፤ እንፋሎት ሙቀትን በደንብ ስለማያሳልፍ ሽፋኑ ካልተገፈፈ ብረቱ ውሃ ውስጥ ሆኖም ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ ውሃ እዚያ የሚፈላው በ92 ወይም በ93 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ይህ ልዩነት ግን የውሃውን መነሻ ሙቀትና የብረቱን መንቀሳቀስ ያህል አያሳስብም።

ከሁሉ የሚበልጠው ብልሃት ሌላ ነው። ሹል ብረት ሲነከር የሚጠልቀው ጫፉ ብቻ ነው። ጫፉ ማርቴንሳይት ሆኖ ይደርቃል፤ ከውሃ በላይ የቀረው አካል ግን ገና ትኩስ ነው። ብረቱ ከውሃ ሲወጣ የአካሉ ሙቀት ወደ ጫፉ ይመለስና የደረቀውን ማርቴንሳይት በመጠኑ ያሞቀዋል። ከታሰረው ካርቦን ጥቂቱ ይላቀቃል፣ ውጥረቱ ይበርዳል፣ ጫፉም ስለቱን ሳያጣ ድንጋይ ሲመታ አይሰበርም። ይህን የሚያውቁ ሰዎች በአገራችን ለዘመናት ሲሰደቡ ኖረዋል፤ ዳግማዊ ምኒልክ ባለእጆችን በሙያቸው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት በ1900 ዓ.ም. ነበር። ስድቡ ያስከፈለን ከክብር በላይ ነው ብዬ አስባለሁ። እውቀቱ ከጎጆ ወጥቶ ከትምህርት ቤት ጋር ሳይገናኝ መቶ ዓመት አለፈው። የጫፉንና የአካሉን ብልሃት ደግሞ ኋላ የአርማታ ፌሮ ላይ እናገኘዋለን።

ባሌስትራ ከ0.5 እስከ 0.6 በመቶ የሚደርስ ካርቦን ስላለው ሙሉ በሙሉ ሊጠነክር ይችላል። የመኪና አካል የሚሠራበት ላሜራ ግን ሌላ ችግር አለበት። በመጭመቂያ ሲጫን ሳይቀደድ ተለጥጦ በርና ምሰሶ መሆን ይኖርበታል፤ መኪናው ሲጋጭ ደግሞ ተሳፋሪውን የሚያድን ጥንካሬ ይፈለግበታል። ለስላሳው ብረት ለመጀመሪያው፣ ደረቁ ለሁለተኛው ይመቻል፤ አንዱን የመረጠ ሌላውን ያጣል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የነዳጅ ዋጋ ሲያሻቅብ መኪና አምራቾች ላሜራውን አሳስተው ክብደት መቀነስ ፈለጉ፤ የሳሳ ላሜራ ደግሞ የግድ መጠንከር ነበረበት። ጃፓናውያኑ ሃያሚና ፉሩካዋ እ.ኤ.አ. በ1975 ባቀረቡት ጥናት፣ በጄኔራል ሞተርስ ይሠራ የነበረው ራሺድም በተከታዮቹ ዓመታት ባሳተማቸው ጽሑፎች ያሳዩት መንገድ ዱዋል ፌዝ፣ ማለትም ባለ ሁለት መልክ ብረት የሚባለውን አስገኘ።

ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ሙቀቱን መንገድ ላይ ማቆም። ብረቱን ሙሉ በሙሉ ኦስቴናይት እስኪሆን አያግሉትም፤ በ727 እና ከ850 በላይ ባለው የላይኛው ወሰን መካከል፣ ለምሳሌ በ780 ዲግሪ፣ ለአንድ ወይም ለጥቂት ደቂቃ ያቆዩታል። በዚያ ሙቀት ከፊሉ ፌራይት እንደሆነ ይቀራል፣ ከፊሉ ኦስቴናይት ይሆናል። ከዚያ ሲቀዘቅዝ ፌራይቱ አይነካም፤ ኦስቴናይቱ ብቻ ወደ ማርቴንሳይት ይለወጣል። ውጤቱ በለስላሳ ፌራይት መሃል የተበተኑ የደረቅ ማርቴንሳይት ደሴቶች ነው። ድርሻቸው በተለመዱት ዓይነቶች ከ10 እስከ 40 በመቶ ገደማ ይሆናል።

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ፤ ሙቀቱን በጥቂት ዲግሪ መሳት ለምን እንደሚጎዳ የሚያሳየው ይህ ነውና። ብረታችን 0.1 በመቶ ካርቦን አለው እንበል። ፌራይቱ ካርቦን ከሞላ ጎደል ስለማይዝ ካርቦኑ ሁሉ ወደ ኦስቴናይቱ ይሰበሰባል። ሙቀቱ ዝቅ ብሎ ኦስቴናይቱ የብረቱ አንድ አምስተኛ ብቻ ከሆነ በውስጡ ያለው ካርቦን ወደ 0.5 በመቶ ይጠጋል፤ ባሌስትራን የሚያህል ማለት ነው። ሙቀቱ ከፍ ብሎ ኦስቴናይቱ ግማሽ ሲሞላ ያው ካርቦን ለብዙ ይከፋፈልና 0.2 በመቶ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ በዝቅተኛ ሙቀት ደሴቶቹ ጥቂት ግን እጅግ ደረቅ ናቸው፤ በከፍተኛ ሙቀት ብዙ ግን ለዘብ ያሉ ናቸው። ማርቴንሳይት መፈጠር የሚጀምርበት ሙቀትም አብሮ ይቀየራል። 1.5 በመቶ ማንጋኒዝ ባለበት ብረት በተለመደው ቀመር ስናሰላው፣ ለመጀመሪያው 280 ዲግሪ ገደማ፣ ለሁለተኛው ደግሞ 400 ዲግሪ ገደማ ይመጣል። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም፤ በ400 ዲግሪ የተፈጠረ ማርቴንሳይት ብረቱ እየቀዘቀዘ ሳለ ራሱን በራሱ ለማለዘብ ጊዜ ያገኛል፣ በ280 የተፈጠረው ግን አያገኝም።

ሁለቱ መልኮች እንዴት አብረው እንደሚሠሩ ለማየት በሰቆጣ አሮጌ ቤቶች ያለውን የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ ማሰብ ይቻላል፤ ድንጋዩ ይሸከማል፣ ጭቃው ያላላል። ድንጋዩ ከበዛና እርስ በርስ ከተነካካ ጭቃው የማላላት ሥራውን መሥራት ያቅተዋል፤ ማርቴንሳይቱም በዝቶ ደሴትነቱ ቀርቶ ሲያያዝ ብረቱ ጠንካራ ቢሆንም መለጠጡን ያጣል። ምሳሌው የሚያገለግለው እስከዚህ ነው። በብረቱ ውስጥ ግድግዳ የማያውቀው ሌላ ነገር አለ፤ ኦስቴናይት ወደ ማርቴንሳይት ሲለወጥ በጥቂት በመቶ ያብጣል። እብጠቱ በዙሪያው ያለውን ለስላሳ ፌራይት ይገፋዋል፣ የአቶም ሰልፉንም በየቦታው ያዛንፋል። እነዚህ አዳዲስ ዝንፈቶች ገና ያልታሰሩ ስለሆኑ በትንሽ ጫና ይንቀሳቀሳሉ፤ ስለዚህ ብረቱ በመጭመቂያ ሲያዝ በቀላሉ መታዘዝ ይጀምራል። መታዘዝ በጀመረ ቅጽበት ደግሞ ዝንፈቶቹ እርስ በርስና ከደሴቶቹ ጋር እየተጋጩ ይበዛሉ፣ ብረቱም እየተሠራ ይጠነክራል። ዲፒ 600 የሚባለው የዱዋል ፌዝ ዓይነት የመጨረሻ ጥንካሬው 600 ሜጋፓስካል ገደማ ሲሆን ቅርጹን መለወጥ የሚጀምረው ግን ከዚያ ከግማሽ ብዙም ባልራቀ ጫና ነው። የተለመደው ለስላሳ የመኪና ላሜራ የመጨረሻ ጥንካሬው ራሱ 300 ሜጋፓስካል አካባቢ ነው። ልዩነቱን የሠራው ውድ ማዕድን ሳይሆን የሙቀትና የሰዓት አጠቃቀም ነው።

የማቀዝቀዙ ፍጥነት የሚወስነው ኦስቴናይቱ ምን እንደሚሆን ነው። ቀርፋፋ ከሆነ የተሰበሰበው ካርቦን ፐርላይት ሠርቶ ያርፋል፤ የተለፋበት ሁሉ ተራ ብረት ይሆናል። መካከለኛ ከሆነ ቤይናይት የሚባል፣ ከማርቴንሳይት የለዘበ መዋቅር ይመጣል። ፋብሪካው ይህን በሁለት መንገድ ይታገላል። አንደኛው ብረቱን በውሃ መንከር ነው፤ ስስ ላሜራ በሰከንድ አንድ ሺህ ዲግሪ ያህል ሊወርድ ይችላል። በዚህ ፍጥነት ካርቦኑም ማንጋኒዙም ዝቅተኛ የሆነ ርካሽ ብረት እንኳን ማርቴንሳይት ይሠራል፤ ላሜራው ግን ይጣመማል፣ ኋላም እንደገና በመጠኑ ማሞቅ ያስፈልጋል። ሁለተኛው መንገድ በጋዝ ንፋስ ማቀዝቀዝ ነው፤ ይህ በሰከንድ ጥቂት አሥር ዲግሪ ብቻ ስለሚያወርድ ማንጋኒዙን እስከ 2 በመቶና ከዚያ በላይ ማድረስ፣ ክሮምየም ወይም ሞሊብዲነም መጨመር ግድ ይላል። እነዚህ ማዕድናት ካርቦኑ የሚያመልጥበትን መንገድ ያዘገዩታል። ላሜራው ዚንክ የሚቀባ ከሆነ ደግሞ ፈተናው ይከፋል፤ የቀለጠው ዚንክ 460 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ላሜራው እዚያ ሙቀት ላይ ለሰከንዶች መቆየት አለበት፣ ያ ሙቀት ደግሞ ቤይናይት የሚፈጠርበት ነው።

የሚገርመው ፍጥነቱ ከመጀመሪያው ጀምሮ መጣደፍ የለበትም። ከ780 ዲግሪ እስከ 680 ገደማ ቀስ ብሎ ሲወርድ ተጨማሪ ፌራይት በነባሩ ላይ እየተለጠፈ ያድጋል፣ የያዘውንም ካርቦን ወደ ቀሪው ኦስቴናይት ይገፋል። ኦስቴናይቱ ቢያንስም በካርቦን ይበለጽጋል፣ ኋላ በቀላሉ ማርቴንሳይት ይሆናል። መጀመሪያ ዝግታ፣ ከዚያ ጥድፊያ ማለት ነው። ይኸው ሥርዓት በሙቅ መዳመጫም ይሠራል፤ ከ850 ዲግሪ በላይ ተዳምጦ የወጣው ላሜራ በውሃ እስከ 650 ወይም 700 ዲግሪ ይወርዳል፣ ፌራይቱ እንዲያድግ ለጥቂት ሰከንድ ይተዋል፣ ከዚያ ባንዴ ቀዝቅዞ ይጠቀለላል። በአንድ መስመር ላይ በሰከንዶች ውስጥ የሚያልቅ ሥራ ነው፤ አንድ የውሃ አፈሙዝ ቢደፈን የላሜራው ጠርዝና መሃሉ ሁለት የተለያየ ብረት ሆነው ይወጣሉ።

ከማቀዝቀዙ በፊት የተደረገውም አይረሳም። በቀዝቃዛ መዳመጫ ያለፈ ላሜራ ቅንጣቶቹ ተጨፍልቀው ረዝመዋል። ሲሞቅ እነዚያ ቅንጣቶች አዲስ ሆነው መወለድ ይጀምራሉ፤ ኦስቴናይትም በዚያው ሰዓት ይፈጠራል። አሞቃቁ ዝግ ካለ አዲሶቹ ቅንጣቶች ቀድመው ይጨርሳሉ፤ ከፈጠነ ሁለቱ ሥራዎች ይደራረቡና ኦስቴናይቱ የተጨፈለቀውን ሰልፍ ተከትሎ በረድፍ ይሰለፋል። ማንጋኒዝም የራሱ ጣጣ አለው። የቀለጠው ብረት ሲጠጥር ማንጋኒዙ እኩል አይከፋፈልም፤ ሲዳመጥ በማንጋኒዝ የበለጸጉት ሥፍራዎች ወደ ስስ ረድፎች ይለጠጣሉ፣ ማርቴንሳይቱም እነሱን ተከትሎ ረጅም መስመር ይሠራል። እንዲህ ያለ ላሜራ ቀዳዳ ሲሰፋበት ወይም ጠርዙ ሲታጠፍ በመስመሩ ላይ ይሰነጠቃል። ደቃቅና የተበታተኑ ደሴቶች ያሉት ላሜራ በተመሳሳይ ጥንካሬ የተሻለ ይታጠፋል።

አሁን ወደ ሰቆጣ እንመለስ። ከተማዋ የምታየው ብዙ ብረት ላሜራ ሳይሆን በአይሱዙ ተጭኖ የሚመጣው የአርማታ ፌሮ ነው። ፌሮ በስሙ ዱዋል ፌዝ አይባልም፤ ግን ብዙ ፋብሪካዎች የሚያወጡት ፌሮ ጥንካሬውን የሚያገኘው ከማቀዝቀዝ ነው፣ ውስጡም ሁለት መልክ አለው። ዘዴው ቴምፕኮር በሚል ስም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ቤልጅግ ውስጥ ተሠራ። ፌሮው ከመጨረሻው መዳመጫ 1,000 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ሲወጣ በከፍተኛ ግፊት ውሃ በሚረጭበት ቱቦ ውስጥ ያልፋል፤ ከሰከንድ ብዙም የማይበልጥ ጉዞ ነው። ግፊቱ የሚያስፈልገው ቀጥቃጩ ብረቱን ውሃ ውስጥ ስለሚያንቀሳቅስበት ምክንያት ነው፤ እንፋሎቱን ለመግፈፍ። የፌሮው ቆዳ ባንዴ ማርቴንሳይት ይሆናል፣ ልቡ ግን እንደጋለ ኦስቴናይት ነው። ከቱቦው ሲወጣ የልቡ ሙቀት ወደ ቆዳው ይመለስና እስከ 600 ዲግሪ አካባቢ ያሞቀዋል፤ የደረቀው ቆዳ ይለዝባል። ልቡ በማቀዝቀዣው መደርደሪያ ላይ ቀስ ብሎ ፌራይትና ፐርላይት ይሆናል። ማረሻ ላይ ጫፉን አካሉ እንዳለዘበው፣ እዚህ ቆዳውን ልቡ አለዘበው፤ ብልሃቱ አንድ ነው።

የዚህ ፌሮ ጥቅም ግልጽ ነው። ካርቦኑን ዝቅ አድርጎ፣ ውድ ማዕድን ሳይጨምር፣ በውሃ ብቻ 400 ወይም 500 ሜጋፓስካል ይደርሳል፤ ገበያው ግሬድ 60 እና ግሬድ 75 የሚለው 420 እና 520 ሜጋፓስካል ገደማ ነው። ካርቦኑ ዝቅ ስላለ ለብየዳም የተሻለ ነው። ስታፋ ሲታጠፍም ለዝቦ የተሠራው ቆዳ ሳይሰነጠቅ ይታዘዛል። ችግሩ የሚመጣው ውሃው ሳይስተካከል ሲቀር ነው። በአንድ ጎን ብቻ በደንብ የተረጨ ፌሮ የማርቴንሳይት ቀለበቱ በአንድ በኩል ወፍራም፣ በሌላው ቀጭን ይሆናል። ውራጅ ብረት አቅልጦ በሚሠራ ፋብሪካ ደግሞ የካርቦኑና የማንጋኒዙ መጠን ከቅልጥ ቅልጥ ይለያያል፤ ያው ውሃ፣ ያው ፍጥነት ለአንዱ ቅልጥ ልክ ሆኖ ለሌላው ያንሳል ወይም ይበዛል። ከውራጁ ጋር የሚመጣው መዳብም ብረቱ እንደጋለ ሲዳመጥ ፊቱን ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ «የቱርክ ይሻላል፣ የአገር ውስጥ ይሻላል» የሚለው የግንባታ ቦታ ክርክር ብዙም አያሳምነኝም፤ ከሁለቱም ወገን በትክክል የቀዘቀዘም ያልቀዘቀዘም ይወጣል። ለመለየት አስቸጋሪም አይደለም። የፌሮው ቁራጭ ፊቱ ተወልውሎ በዚያው በቀጠነ አሲድ ቢነካ ቀለበቱ በዓይን ይታያል፤ ማይክሮስኮፕ እንኳ አያስፈልግም። መካኒካል ምሕንድስና የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ወይም የቴክኒክና ሙያ ተቋም ይህን ለአካባቢው ገንቢዎች ቢያሳይ ወጪው ኢምንት ነው።

ከፋብሪካው በኋላ ያለው ነገር ግን በእኛ እጅ ነው፣ ብዙውን ጥፋት የማየውም እዚያ ነው። ፌራዮው ወፍራም ፌሮ ማጠፍ ሲከብደው በእሳት አግሎ ያጥፈዋል። የጋለው ቦታ ከ727 ዲግሪ ካለፈ የቆዳው ማርቴንሳይት ይጠፋል፤ በአየር ሲቀዘቅዝ የሚመለሰው ፌራይትና ፐርላይት ብቻ ነው። ውሃ ቢደፋበት ደግሞ የባሰ ነው፤ ልቡ አብሮ ስለሚቀዘቅዝ የሚያለዝበው ሙቀት አይኖርም። መታጠፊያው ላይ፣ ጭነት በሚበረታበት ቦታ፣ የፋብሪካው ሥራ ተሰርዟል ማለት ነው። ፌሮው ከውጭ ያው ነው፤ ዲያሜትሩም ጥርሱም አልተለወጠም። በእሳት ከተቃጠለ ሕንፃ ፍርስራሽ የሚለቀም ፌሮም እንዲሁ ነው። ከ500 ወይም ከ600 ዲግሪ በላይ ረዘም ላለ ጊዜ የቆየ እንደሆነ ቆዳው ከሚገባው በላይ ለዝቧል፣ በመዶሻ አቃንቶ ሌላ አምድ ውስጥ መክተት የተጻፈበትን ጥንካሬ አይመልስም። ብየዳም ቢሆን ቦታውን ያሞቃል፤ በአውሮፓ ደረጃ ለብየዳ የሚመች ፌሮ ካርቦኑ ከ0.22 በመቶ፣ የማዕድናቱ ድምር ውጤት የሚለካበት የካርቦን አቻ ደግሞ ከ0.50 በመቶ እንዳይበልጥ የተገደበው ለዚህ ነው። ይህን የማያሟላ ብረት ከብየዳው አጠገብ የተሰባሪ ማርቴንሳይት ጠባብ ቀጠና ይሠራል።

በጋራዥም ያው ታሪክ አለ። ባቲላሜራ ሙያውን የተማረው በአሮጌው ለስላሳ ላሜራ ነው፤ የተጨረማመተውን በጋዝ እሳት አሙቆ፣ በመዶሻ አቃንቶ፣ ስቱኮ ቀብቶ ይመልሰዋል። ለዚያ ላሜራ ዘዴው ብዙ አይጎዳም፤ የሚጠፋ ማርቴንሳይት የለበትምና። የዛሬ የቤት መኪኖች ምሰሶና የፊት ቋሚዎች ግን ዱዋል ፌዝ ወይም ከዚያም የጠነከረ ብረት ናቸው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ በብዛት የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች አዳዲስ ስለሆኑ እንዲህ ያለው ብረት በአካላቸው ውስጥ በሰፊው አለ። በእነሱ ላይ የጋዝ እሳት ማብራት ከ200 ወይም ከ300 ዲግሪ ጀምሮ የማርቴንሳይት ደሴቶቹን ማለዘብ ይጀምራል፤ ቀይ እስኪሆን የሞቀው ሲቀዘቅዝ ወደ ተራ ላሜራ ይመለሳል። ቀለም ሲቀባ አያስታውቅም። የሚያስታውቀው መኪናው ሁለተኛ ሲጋጭ ነው። አምራቾች በጥገና መመሪያቸው እነዚህን ክፍሎች ማሞቅ የሚከለክሉት፣ ተቆርጠው በአዲስ እንዲተኩ የሚያዙትም በዚህ ምክንያት ነው። ባቲላሜራውን መውቀስ ግን ትክክል አይደለም፤ መኪናው ሲገባ መመሪያው በሚያነበው ቋንቋ አልደረሰውም።

ፌሮ የምትገዙ ሰዎች ከቶን ዋጋው ጋር የፋብሪካውን የሙከራ ወረቀት ጠይቁ፤ በላዩ ላይ የመነሻና የመጨረሻ ጥንካሬው፣ የመለጠጡ መጠንና የካርቦን አቻው በቁጥር መኖር አለበት። ወፍራሙን ፌሮ በእሳት ሳይሆን በማጠፊያ ማሽን አሳጥፉት። ማሽኑ ጽጽቃ ድረስ ካልመጣም ሰቆጣ ወይም ወልድያ ታጥፎ ይምጣ። በእሳት ያለፈውን ፌሮ ለአጥር ተጠቀሙበት፤ አምድና ወለል ውስጥ አታስገቡት።